«ሰፈሩ የሀብታም ነው» ሲባል፦ በከተማው ዳር ዳር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ ቤት ልትገዛ ፈልጋ አብሬያት ስዞር ከረምኩ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፤ በአዲስ አበባ ዳር ያልረገጥነው የለም ማለት ይቻላል። የሄድንበት ሁሉ ደላላው የሚላት አንድ ነገር ነው። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሀብታም ሰፈር እየሆነ ነው፤ ዛሬ ካልያዝሽው ነገ አታገኚውም።» እኔ ከአያት ወዲያ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ስምንት ዓመት ስለሆነኝ ይህን ወሬ በደንብ አውቀዋለሁ። ሰው በዚህ ወሬ ብቻ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ያወጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምንሳሳትባቸውን ነገሮች እንዲሁ በግልጽ ልጻፋቸው።

«ስሙ ቦሌ ከሆነ፣ ቦሌ ነው»

አይደለም። ቦሌ የሰፈር ብቻ ሳይሆን የክፍለ ከተማም ስም ነው። ክፍለ ከተማው ሰፊ ስለነበር ከኤርፖርቱ በጣም የራቁ ቦታዎች ሁሉ ስሙን ይዘው ቀሩ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲወጣ አራብሳ ወደዚያ ሄደ፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አሁንም «ቦሌ» በትልቁ ይጻፋል። ስሙ ታክሲ አያሳጥርም።

«ከመሃል የራቀ ሰፈር ክብር የለውም»

ይሄኛው ትንሽ ታሪክ ይፈልጋል። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር «ሰፈር» ማለት ቃሉ እንደሚለው የሰፈሩበት ቦታ ነበር። ለመኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ዙሪያ ቦታ ተሰጣቸው። ጌታው ከፍ ያለችውን ጉብታ ይይዛል፣ ወታደሩና አሽከሩ ከሥሩ ይሰፍራል። የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የራስ ካሳ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሀብታምና ድሃ ከጥንትም አጥር ለአጥር ነው የኖረው፤ «ይሄ ለብቻው የሀብታም ሰፈር ነው» የሚባል ነገር እንደ ሌላው ከተማ አልነበረንም። ከዚያ የደርግ አዋጅ ቁጥር 47/1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ፣ መሃል ከተማው ለዓመታት ማንም በወጉ ሳያድሰው የጭቃ ቤት ሆኖ ኖረ። የመሃል ሰው ዳር ላይ ያለውን ሲንቅ ስሰማ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

ደግሞ ዛሬ አሉ የሚባሉት ሰፈሮች ራሳቸው ዳር ነበሩ። ኦልድ ኤርፖርት ስሙ የመጣው ከድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ መቼም መሃል ከተማ አይሠራም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ኤርፖርቱ ወደ ቦሌ ሲዛወር ቦሌም ዳር ነበረች። ሲ ኤም ሲ የሚለው የጣሊያን የኮንስትራክሽን ኩባንያ ስም ነው፣ ካምፑ እዚያ ስለነበር ስሙ ቀረ። ልብ በሉ፣ ሦስቱም ጋ መጀመሪያ የመጣው ሀብታሙ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ውሃ፣ መብራትና መንገድ ይዞ የሚመጣ ትልቅ ሥራ ነው። ሰዉ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፎቁና ቪላው ካማረ ሰፈሩ ያማረ ነው»

በዚህ ነው ሰው ብዙ የሚጎዳው። ፎቁን ሳይሆን ከመሬት በታች ያለውን ጠይቁ።

መጀመሪያ አፈሩ። ከቦሌ እስከ አቃቂ ባለው ሜዳ ብዙ ቦታ መረሬ ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ካልታሰበበት አጥሩ ይዘማል፣ ግድግዳውም ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ይተረተራል። አንድ በጣም የሚያምር ቪላ ስናይ ቀለሙ ገና አዲስ ነበር፤ ከአጥሩ ሥር ግን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግማሹ ብቻ በሲሚንቶ ተደፍኖ አገኘነው። የአክስቴ ልጅ ጣቷን አስገብታ አየችኝ። ደላላው «ይሄ ምንም አይደል፣ የክረምት ነገር ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ የክረምት ነገር ነው፤ ክረምት ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ከዚያ ውሃው። «ለገዳዲ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ነው» ብለው የሚሸጡም አሉ። የግድቡ ውሃ መጀመሪያ ማጣሪያ ይገባል፣ ከዚያ በዋናው መስመር ወደ ከተማው ይሄዳል። በእናንተ በኩል ማከፋፈያ መስመርና ማጠራቀሚያ ከሌለ ግድቡን በመስኮት እያያችሁ ጀሪካን ትሸከማላችሁ። እኔ ሕንጻ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሌሊት ስለሚመጣ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብተን እንቀሰቃቀሳለን። አራተኛ ፎቅ ያሉ እናት አሉን፣ እማማ እንላቸዋለን። ሊፍት የለንም። ግፊቱ እሳቸው ጋ ስለማይደርስ ሁለት ጀሪካን ከታች ሞልተን እናወጣላቸዋለን፤ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሁሌም አረፍ እንድል ይለምኑኛል። «ልጄ፣ ቤቱ ሲወጣልኝ እልል ብዬ ነበር፤ ውሃውን ማን ጠየቀ?» ያሉኝን አልረሳውም።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ ስለ ውሃው ደላላውን አትጠይቁ። ባለሱቁን ጠይቁ፣ ጥበቃውን ጠይቁ። ሰው በረንዳው ላይ ስንት ሮቶና ጀሪካን እንደደረደረ ቁጠሩ። ፍሳሹስ የት ይሄዳል? መስመር አለው ወይስ በመጣጭ መኪና ነው?

«ከፍ ያለ ቦታ ሁሌም ይከበራል»

ድሮ አዎ፣ መኳንንቱ ጉብታ ነበር የሚመርጡት። ዛሬ ግን እንጦጦ ሥር ያሉት የሽሮሜዳና የፈረንሳይ ሰፈሮች ከፍታቸው ማንንም ያስቀናል፣ ዋጋቸው ግን ሜዳ ላይ ካለው ቦሌ ጋር አይወዳደርም። ጉብታ ላይ ውሃ መግፋት ይከብዳል፣ መንገዱም ይጠባል። የከተማው ውሃ ደግሞ ቁልቁል ወደ አቃቂ ነው የሚወርደው፤ ታች ያለው ሰው የላይኛውን ቆሻሻ ይቀበላል። ስለዚህ ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ከላይ ማን እንዳለ እወቁ።

«ባቡር ከደረሰ አለቀ»

ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር እኛ በጣም ተደስተን ነበር፣ ለብዙ ሰውም ጠቅሟል። ግን ከፌርማታው እስከ ቤታችሁ ያለው መንገድ ነው የሚወስነው። አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱና የታክሲ ሰልፉን እዩ።

«ካርታ ካለው መሬቱ የኔ ነው»

ቤቱ የእናንተ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ሊዝ እስከ 99 ዓመት የሚሰጥ የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ካርታው ሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ)፣ የቀረ የሊዝ ክፍያ አለ ወይ፣ ዕዳና እገዳ የለበትም ወይ ብላችሁ ከመሬት ቢሮው ራሱ አረጋግጡ። ኮፒ አይታችሁ ቀብድ አትክፈሉ፣ እባካችሁ።

«አንዴ የተከበረ ሰፈር ተከብሮ ይኖራል»

ፒያሳን እዩ። ካዛንቺስን እዩ፤ ስሙ የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠሩበት ከነበረው ድርጅት ነው። በጊዜያቸው ሰው የሚቀናባቸው ሰፈሮች ነበሩ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ብዙው ክፍላቸው ፈርሶ ነዋሪው እኛ ወዳለንበት ዳር መጣ። እኛ ሕንጻ ላይም ከፒያሳ የመጡ አሉ። መጀመሪያ የጠየቁት ዕድር አለ ወይ ብለው ነው። አልነበረንም። አሁን ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ቤቱ) ውስጥ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እንሰበሰባለን፣ ድንኳንና ወንበርም ገዝተናል። ደላላው ይህን አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ሰፈሬን ሰፈር ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ብቻዋን ሄዳ ደወለችልኝ። ደላላው ሳይደርስ በፊት ባለሱቁን አግኝታዋለች። ውሃ ሐሙስ ማታ ይመጣል ብሏታል፣ ክረምት ላይ ደግሞ መንገዱ ቦት ጫማ ይፈልጋል። ሐሙስ ማታ ተመልሳ ልታይ ነው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።