ባዛልት በበዛበት አገር ዚንክ ለምን አይገኝም?

ጎንደር ላይ የማዕድን ወሬ ሲነሣ ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ።

«አገሩ በሙሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዚንክ አይጠፋውም።»
የከተማችን ባዛልት ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ የፈሰሰውም በየብስ ላይ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ዚንክ ፈላጊ በአብዛኛው የሚሻው እጅግ የቆየና ከባሕር በታች የፈነዳ እሳተ ገሞራ ያስቀረውን አለት ነው። በምዕራብ ኤርትራ የሚገኘው የቢሻ ማዕድን፣ መዳብና ዚንክ የወጣበት፣ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ እንዲህ ያለ አለት ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ የዚያ ዘመን አለት ቢኖር እንኳ ባዛልቱ ተጭኖታል፤ በሰሜን ተራሮች ውፍረቱ ከ2 ሺህ ሜትር ያልፋል።

«ዚንኩን ይዞ የወጣው ቅልጡ አለት ነው።»
ዋናው ሠራተኛ ውኃ ነው። የባሕር ውኃ በስንጥቅ ወደ ታች ሰርጎ በቅልጡ አለት ግለት ይሞቃል፤ ከአለቱ ብረት፣ መዳብና ዚንክ አሟሙቶ ተመልሶ ይፈልቃል። ከቀዝቃዛው ባሕር ጋር ሲገናኝ የተሸከመውን ከድኝ ጋር አጣምሮ እዚያው ያራግፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪዎች በምሥራቅ ፓስፊክ ወለል ላይ ጥቁር ጭስ የሚመስል ፍልውኃ አገኙ፤ ሙቀቱ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። የውቅያኖሱ ጫና ባይኖር ኖሮ ተንኖ ባለቀ።

«ላዩ ላይ ዚንክ ከሌለ ከሥሩም የለም።»
ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ማዕድኑ ዝናብና አየር ሲያገኘው አሲድ ይፈጠራል፤ ዚንኩ በቀላሉ ሟሙቶ ከጎርፍ ጋር ይሄዳል፤ ብረቱ ግን ዝጎ ቀይ ቆብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያ ቆቡን ብቻ አይመረምርም፣ የወንዝ ደለልም ያስመረምራል። (የእኛ ቀይ አፈር አብዛኛው የበሰበሰ ባዛልት ነውና አያጓጓ።)

«ከባድና ጥቁር ከሆነ ዚንክ ነው።»
ዋናው የዚንክ ማዕድን ስፋለራይት በእኩል መጠን ሲመዘን ከባዛልት በሲሶ ያህል ይከብዳል። ጥቁር ቢመስልም ባልተለበጠው የሲኒ ቂጥ ላይ ሲፋቅ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ቢጫ መስመር ይተዋል፤ የድኝ ሽታም አለው።

«አውሮፕላን ከላይ ካየው ነገሩ አለቀ።»
አውሮፕላኑ የሚይዘው መሣሪያ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አለት ነው፤ ስፋለራይት ግን ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። መሣሪያው የሚያገኘው አብረውት ያሉትን የብረትና የመዳብ ሰልፋይዶች (ከድኝ ጋር የተጣመሩ ማዕድናት) ነው፤ ግራፋይትም (በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር) ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል። የካናዳው ኪድ ክሪክ የመዳብና የዚንክ ማዕድን፣ 2.7 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠረው፣ ከአየር ቢጠቆምም የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1963 መሬቱ ሲበሳ ነው።