አሸዋውን እጠቡት፦ ስለ ባሕር ውሃ አኳሪየም አሸዋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ የኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ) አኳሪየም የሚያቋቁሙ ሰዎች ደውለው ሲያማክሩኝ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣውን አቤቱታ አስቀድሜ መገመት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ውሃው ወተት መስሏል፤ ከገንዳው ጀርባ ያለው ግድግዳ እንኳ አይታይም» ይሉኛል። አሸዋውን አጥባችሁት ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁ ይመስል፣ «ሕያው አሸዋ አይታጠብም፤ ባክቴሪያው ይሞታል» የሚል መልስ ይሰጠኛል። ይህን ማን እንደነገራቸው የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ሰምቶታል። ስለ አሸዋ አዘገጃጀት ሌሎች ብዙ ስሕተቶችም ይነገራሉ፣ እነርሱንም እግረ መንገዴን አነሣቸዋለሁ፤ ብዕር ያስነሣኝ ግን ይኸኛው ነው።

ለኮራል ገንዳ የሚሸጠው አሸዋ በአብዛኛው አራጎናይት የሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ሲሆን፣ የሚቀርበውም በሁለት መልክ ነው። አንደኛው ደረቅ ነው። ሁለተኛው ባክቴሪያ ተጨምሮበት፣ እንደ ረጠበ በከረጢት ታሽጎ የሚመጣውና «ሕያው አሸዋ» የሚባለው ነው። ደረቁን አሸዋ ባክቴሪያው እንዳይሞትበት ብሎ ሳያጥብ ገንዳ ውስጥ የሚገለብጥ ሰው፣ የሚሳሳለት ባክቴሪያ ከመጀመሪያውም እዚያ አልነበረም። ቀልድ ይመስላል እንጂ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም።

ወደ ሕያው አሸዋ ስንመጣ፣ ከዓሣ እዳሪ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአመዛኙ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ሳይሆኑ፣ ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ስስ ሽፋን ከአሸዋው ቅንጣት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ናቸው። ቅባት የያዘ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አለቅልቆ ለማጽዳት የሞከረ ሰው፣ የተጣበቀ ነገር በማለቅለቅ ብቻ እንደማይለቅ ያውቃል። ባክቴሪያውን የሚጎዳው መታጠቡ ሳይሆን የሚታጠብበት ውሃ ነው፤ ክሎሪን በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው እኮ ባክቴሪያን እንዲገድል ነው። ስለዚህ ሕያው አሸዋ ለገንዳው ከተዘጋጀው የጨው ውሃ ጥቂት ባልዲ ተቀንሶለት በዚያው ይታጠባል። ከሚገኘው ባክቴሪያ ጥቂቱ ከእጣቢው ጋር ቢሄድ እንኳ፣ ምግቡ የሆነው አሞኒያ እስካለ ድረስ የቀረው ተራብቶ ቦታውን ይሞላል። ውሃውን የሚያደፈርሰው የአሸዋው ዱቄት ግን ገንዳው ውስጥ ከገባ በኋላ በራሱ አይወጣም።

ያ ዱቄት ምን እንደሚያደርግ ያየሁት አንድ ደንበኛዬ 300 ሊትር በሚይዘው ገንዳው ውስጥ ያልታጠበ ደቃቅ አሸዋ በገለበጠ ጊዜ ነው። ውሃው ለመጥራት ዘጠኝ ቀን ፈጀበት፤ ከዚያም ነገሩ ያለቀ መስሎት አሸዋ በአፉ እየዛቀ በስንጥቡ የሚያጣራ ጎቢ የሚባል ዓሣ ገዛ። ዓሣው ሥራውን በጀመረ በመጀመሪያው ጠዋት ገንዳው ተመልሶ ደፈረሰ፤ በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ዱቄቱ ሄዶ ሳይሆን ወደ ታች ወርዶ አድፍጦ ነበር። ኮራሎቹ ላያቸው ላይ ያረፈውን ዱቄት ለማራገፍ ሲሉ ልጋግ እያመነጩ ጉልበታቸውን ጨረሱ፤ ፓምፑን ፈትቼ ስመለከተው መዘውሩ ላይ ነጭ ጭቃ ተጋግሮበት ነበር። ሁለት ሰዓት ቆሞ አሸዋ ማጠብ የታከተው ሰው ሁለት ወር ሙሉ የማጣሪያ ጨርቅ ሲያጥብ ከረመ።

አስተጣጠቡ ጥበብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ ይወሰድና እስከ ሲሶው ድረስ አሸዋ ይደረግበታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የታችኛው አይነካም። ውሃ ተሞልቶበት እጅን እስከ ክርን አስገብቶ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ ማማሰል፣ ቅንጣቶቹ እስኪሰምጡ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያም ነጩን ውሃ ማንቆርቆር ነው። የመጀመሪያው እጣቢ እንደ ኖራ ውሃ ነጭቶ ይወጣል፤ አምስተኛው እንደ ጭጋግ ይሆናል፤ ደቃቅ አሸዋ ከሆነ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። መብቃቱን የማውቅበት መንገድ ቀላል ነው፦ አንድ እፍኝ አሸዋ በጠርሙስ አድርጌ ንጹሕ ውሃ እሞላበታለሁ፣ አጥብቄ እነቀንቀዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቼ ከጠርሙሱ ጀርባ የያዝሁትን ጽሑፍ ለማንበብ እሞክራለሁ። ከተነበበልኝ በቃ፤ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል እስኪል መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ደረቅ አሸዋን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ምንም ነውር የለበትም፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። «ደቃቁ አሸዋ አብሮ ይፈስሳል» የሚሉ አሉ። የሚፈስሰው ዱቄት ነው፤ አሸዋ የሚባለው ቅንጣት በሰከንዶች ውስጥ ይሰምጣል።

ከአንዳንድ ከረጢቶች ጋር የምትመጣው ውሃ ማጥሪያ ፈሳሽም ከመታጠብ አታድንም። ፈሳሿ ብናኙን እያያያዘች ታከብደዋለች፤ የከበደው ብናኝ ከፊሉ በማጣሪያው ይያዛል፣ የተረፈው አሸዋው ላይ ይተኛል። ወለል ተጠርጎ ቆሻሻው ምንጣፍ ሥር እንደመደበቅ ነው።

«ውሃው የደፈረሰው በባክቴሪያ መራባት ስለሆነ በራሱ ይጠራል» የሚለው ማጽናኛ አንዳንድ ጊዜ እውነት ቢሆንም፣ አሸዋ በገባበት ዕለት ለደፈረሰ ውሃ አይሠራም። ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ማሳደር መልሱን ይሰጣል። ጠዋት ከብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ከተገኘ ዱቄት ነው፤ ዝቃጭ ሳይኖረው ውሃው እንደ ደፈረሰ ካደረ ባክቴሪያ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል።

«ሕያው አሸዋ ካለ ዓሣ በማግሥቱ ይገባል።» አይገባም። ታሽጎ የቆየ ከረጢት ውስጥ ስንቱ ባክቴሪያ በሕይወት እንዳለ ከውጭ የሚያውቅ የለም፤ የሞተው ደግሞ ራሱ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። አዲስ ገንዳ ባክቴሪያው በበቂ እስኪራባበት ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ወደ ዜሮ መውረዳቸው በመመርመሪያ መረጋገጥ አለበት። የከረጢቱ ጽሑፍ መመርመሪያ አይደለም።

ከአሮጌ ገንዳ ላይ አሸዋውን እንዳለ ገልብጦ ወደ አዲሱ ማዛወርም ባክቴሪያ ለማግኘት ተብሎ የሚመከር ክፉ ምክር ነው። አሮጌ አሸዋ የዓመታት እዳሪ፣ የምግብ ትራፊና አልጌ የሚያፋፋው ፎስፌት ያዘለ ነው፤ ጥልቅ ከሆነም ሲናወጥ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሊለቅ ይችላል፤ ይህ ጋዝ ለዓሣ መርዝ ነው። ለዘርነት ከላይኛው ክፍል አንድ ስኒ ይበቃል። የቀረውን መጠቀም የፈለገ ሰው፣ እንደ ገመታችሁት፣ ይጠበው።

አሁን ደግሞ በዕውቀት ስም የሚነገረውን ላንሣ። አራጎናይት አሸዋ የውሃውን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያነሰ ነው) ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ለኮራሉም ካልሲየም ይመግባል ይባላል። አራጎናይት አሲዳማ በሆነ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ እርግጥ ነው፤ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ቢደረግበት አረፋ እየደፈቀ ይፈላል። የኮራል ገንዳ ፒኤች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ ይመላለሳል፤ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ቀድሞውኑ ከመጠን በላይ ስለሞሉ አሸዋው የሚሟሟበት ምክንያት የለውም። ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ካልሲየም ሪአክተር የሚባለውን መሣሪያ እጠቁመዋለሁ። ይህ መሣሪያ አራጎናይት የተሞላ ቱቦ ነው፤ አራጎናይቱ እንዲሟሟ ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እየተነፋበት ፒኤቹ ወደ 6.5 ገደማ መውረድ አለበት። አሸዋ በገንዳው ውስጥ ዝም ብሎ የሚሟሟ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ የጋዝ ሲሊንደርና ቫልቭ የሚገዛ ሰው ባልተገኘ ነበር። የፒኤች መውረድ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ከሚጠራቀም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ፣ ሌላ ከረጢት አሸዋ ከመግዛት መስኮት መክፈት ይቀድማል። ካልሲየሙንና አልካላይኒቲውን (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) በየጊዜው እየለኩ መተካት ግን ከአሸዋው ጋር ግንኙነት የሌለው የዘወትር ሥራ ነው።

«የሲሊካ አሸዋ ቡናማ አልጌ ያመጣል» የሚለውም ተጋንኗል። የሲሊካ አሸዋ የተሠራበት ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በባሕር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ነው፤ ዲያቶም የሚባለው ቡናማ ሽፋን ደግሞ አራጎናይት በተነጠፈባቸው አዲስ ገንዳዎች ላይም ይወጣል፣ ከሳምንታት በኋላም ይጠፋል። ለዲያቶም የሚጨነቅ ሰው በሚጨምረው ውሃ ውስጥ ያለውን፣ ዲያቶሙ የሚጠቀምበትን የሟሟ ሲሊካ (ሲሊኬት) ቢመረምር ይሻለዋል። እኔ ከሲሊካ አሸዋ ይልቅ የምፈራው አንዳንዱን ጥቁር አሸዋ ነው። መግነጢሳዊ ቅንጣት ያለበት ከሆነ የመስታወት መጥረጊያው ማግኔት እየለቀመ ይይዘውና ገንዳውን ይቧጭራል። ከመግዛት በፊት ማግኔት ማስጠጋት ነው፤ አንዲት ቅንጣት ከተለጠፈች ይቅር።

የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነፃ ነው ብሎ ዝቆ ማምጣት፦ ከምን ጋር እንደተደባለቀ አይታወቅም፣ በብዙ አገሮችም በሕግ የተከለከለ ነው።

መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ አሸዋው እንደ ፍራሽ ቀድሞ ይነጠፍ፣ ድንጋዩ ከላይ ይቀመጥ የሚል ምክር ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ይህ ምክር ሊያድነው የፈለገውን መስታወት ለአደጋ ያጋልጣል። ጎቢዎችና ፒስቶል ሽሪምፕ የሚባሉት ትናንሽ ቅርፊታም የባሕር እንስሳት ጉድጓድ ቆፋሪዎች ናቸው፤ የድንጋዩን መሠረት ከሥሩ እየዛቁ ያወጡታል። በወጣትነቴ በአሸዋ ላይ የደረደርሁት የድንጋይ ቁልል አንድ ሌሊት ተንዶ የፊት መስታወቱን በጥፍር ስፋት ሲያልፈው፣ ድምፁ ከእንቅልፌ አባንኖኛል። ድንጋዩ በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፣ በእጅ ተገፍቶ አለመነቃነቁ ይፈተሻል፣ አሸዋው በዙሪያው የሚፈስሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አሸዋን በገንዳው ሊትር ማስላትም ልማድ ሆኗል። ቁመት ለአሸዋ ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው የወለሉ ስፋትና የሚፈለገው ጥልቀት ነው። 100 በ50 ሴንቲሜትር በሆነ ወለል ላይ 4 ሴንቲሜትር ለማንጠፍ 20 ሊትር አሸዋ ያስፈልጋል፤ አንድ ሊትር ደረቅ አራጎናይት በግምት አንድ ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ይህ ወደ 30 ኪሎ ይሆናል።

ጥልቀቱስ? «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አባባል ከእውነተኛ ነገር ተነሥቶ የተጣመመ ነው። በሞናኮ ይሠራ የነበረው የባሕር ሥነ ሕይወት ሊቅ ዣን ዦበር በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ፣ ኦክስጅን በማይደርስበት የአሸዋ ንብርብር ውስጥ ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ እንደሚለወጥ ብዙዎችን አሳምኗል። ለዚህ ዓላማ ግን አሸዋው ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ በውስጡም የሚርመሰመሱ ትላትልና ጥቃቅን እንስሳት ያስፈልጉታል። ለውበት ብቻ ለሚፈልገው ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ያንንም ከላይ ከላይ በቱቦ እየሳቡ ማጽዳት ይቻላል። 7 ሴንቲሜትር የሚያነጥፉ ሰዎች ለማጽዳት የሚከብድ፣ ናይትሬት ለማስወገድ ደግሞ የሚያንስ አሸዋ ይዘው ይቀራሉ። የቅንጣቱ መጠንም በነዋሪዎቹ ይወሰናል፦ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚያድሩ ዓሦች ደቃቁን ይሻሉ፤ ኃይለኛ ፓምፕ ያለበት ገንዳ ግን ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነውን እያነሣ በየጥጉ ይከምረዋል።

በመጨረሻ ጨውን አሸዋው በተነጠፈበት ገንዳ ውስጥ ማሟሟት የለብንም። ያልሟሟ ጨው አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፤ ውህደቱም ሳይስተካከል በአንድ ቦታ የተጠራቀመው ካልሲየምና ካርቦኔት አሸዋውን ሊያጋግረው ይችላል። ውሃው በሌላ ዕቃ በፓምፕ እየተማሰለ አድሮ፣ የጨው መጠኑ በሺህ 35 መድረሱ ከተለካ በኋላ ይመጣል። አሸዋው ላይ ጠፍጣፋ ሳህን ተገልብጦ ይቀመጥና ውሃው በቀጭኑ እሳህኑ ላይ ይፈስሳል፤ በጠርዙ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ ጉድጓድ አይቆፍርም። አሸዋው በሚገባ የታጠበ ከሆነ ሳህኑን ለማንሣት እጃችሁን ስታስገቡ ጣቶቻችሁ ይታዩዋችኋል፤ የጀርባው ግድግዳ ደግሞ ያን ዕለት ማታውኑ ይታያል።