ሀዋሳ ስር የተሰመረው ቀይ መስመር

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ጽሁፍ ቤት ነው የምሰራው፣ ማመልከቻ ስጽፍ ደንበኛው ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ያያል፣ ከዛ ፊደል አራሚው ቃል ስር ስለሚያሰምረው ቀይ መስመርም ሆነ ስለ ስልኩ የማይሰጠኝ አስተያየት የለም።

"ቀይ ካሰመረ ስህተት ነው።" ኧረ አይደለም። መስመሩ የሚለው "ይሄ ቃል እኔ ጋ ባለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ የለም" ብቻ ነው። ባለፈው ለአንድ አባባ "ሀዋሳ" ብዬ ስጽፍ ቀይ፣ "ሐዋሳ" ስል ቀይ፣ "አዋሳ" ስል ጠፋ፣ እሳቸው ደግሞ "በይ እሱ የሚያውቀውን ጻፊለት" አሉኝ። ሶስቱንም ሰው ይጽፋቸዋል እኮ! አሳ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ ዓሣ ብትሉም የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የሚጠብሱላችሁ ያው ቆሮሶ ነው። ግሱ ደግሞ ባሰ፣ "ስላልነገርናቸውም" አንድ ቃል ነው፣ እንደዚህ እየተቀጣጠለ የሚመጣውን ሁሉ የትኛው ዝርዝር ይችለዋል?

"ስልኩ ሀሳቤን ያውቃል።" ምንም አያውቅም፣ ስትሳሳቱ የፈለጋችሁትን ቃል ይገምታል እንጂ። ፍሬድ ዳመራው የሚባል ሰው በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሁፍ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው የፊደል ስህተት ከ4 ነገር አንዱ ነው አለ፦ አንድ ፊደል መዝለል፣ አንድ መጨመር፣ በሌላ መተካት፣ ወይ የሁለት ጎረቤታሞችን ቦታ ማቀያየር። ማሽኑ የማያውቀው ቃል ሲመጣበት በነዚህ የሚደረስባቸውን ቃላት ይሰበስብና ጣታችሁ ካረፈበት አጠገብ ያለውን ቁልፍ እያየ፣ ከቀደመው ቃል ጋር አብሮ መምጣት የሚያበዛውን እያየ አንዱን ይመርጣል፣ በቃ።

"ካላሰመረ ልክ ነው።" ጉድ የሰራኝ ይሄ ነው። ቤት ለምትፈልግ ልጅ ማስታወቂያ ጻፍኩላት፣ "መከራየት እፈልጋለሁ" ማለት ሲገባኝ "ማከራየት" ብዬ፣ ቀይ የለም ምን የለም፣ 20 ኮፒ አውጥተን ሰጠኋት። ማታ ስልኳ አላርፍ አለ፣ የሚደውለው ሁሉ ቤት ፈላጊ! ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ዝርዝር ብቻ የሚያይ አራሚ ምን ብሎ ያስምርበት?

"ስሜን የሚቀይረው ስልኬ ስለተበላሸ ነው።" ስማችሁን ስለማያውቀው ነው፣ የግል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገቡለት፣ ይተዋችኋል።

እኔም "ሀዋሳ"ን በቀኝ ክሊክ ጨምሬዋለሁ። አባባ ሰሞኑን ተመልሰው መጥተው ቀይ ቢያጡ "ተማረ እንዴ?" አሉኝ። አልነገርኳቸውም እንጂ አንድ ቀን በችኮላ "ማመለከቻ"ንም ጨምሬለት ኖሮ እሱንም ዝም ብሎ ያሳልፋል።