«ታካሚዋ እንግሊዝኛ ባትችልም ልጇ አብራት አለችና አስተርጓሚ ምን ያደርጋል?»

እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 62 ሚሊዮን ያህል ላቲኖ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያለው ሰው) በተመዘገበባት አሜሪካ፣ ለሳይካትሪ (ለአእምሮ ሕክምና) ልምምድ ከሚመጡ የሕክምና ተማሪዎች አፍ ዛሬም እነዚህኑ ስህተቶች መስማት ያሰለቻል።

«ላቲኖ ሁሉ አንድ ነው።» የፖርቶ ሪኮ ሰው ሲወለድም የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ የመባረር ስጋት የለበትም። ከጓቴማላ የመጣው ደግሞ አፉን የፈታው በማም ወይም በኪቼ፣ በአገሬው ነባር ቋንቋዎች፣ ሊሆን ስለሚችል የስፓኒሽ አስተርጓሚ ላይጠቅመው ይችላል።

«ስደተኛ ይበልጥ ይታመማል።» የሜክሲኮ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ተቃራኒውን ነው፦ የአእምሮ ሕመም በብዛት የታየው አሜሪካ በተወለዱት ላይ ነው።

«ጮኻ ወደቀች፣ ያው ፓኒክ (ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት) ነው።» ላይሆን ይችላል። ላቲኖዎች በስፓኒሽ አታኬ ዴ ኔርቪዮስ («የነርቭ ጥቃት») የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከመርዶ ወይም ከቤተሰብ ጠብ በኋላ ይመጣል፤ ከደረት ወደ ራስ የሚወጣ ሙቀት፣ ጩኸት፣ ለቅሶ፣ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም መውደቅ አለበት። ከፓኒክ የሚለየው መነሻው የሚታወቅ መሆኑና ድንገተኛው ከባድ ፍርሃት ብዙ ጊዜ አለመኖሩ ነው። «ባህላቸው ነው» ብሎ ማሰናበትም ያው ጥፋት ነው፤ የሚጥል በሽታ ይጣራል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ልጅን አስተርጓሚ ወደማድረጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቷን «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብላ እንድትጠይቅ ማድረግ ምን የሚሉት ምርመራ ነው? ልጅቷ ጥያቄውን «በጣም አዝነሻል ወይ?» ብላ ታለዝበዋለች፤ እናትም ልጇ ፊት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ተማሪውም ስጋት የለም ብሎ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2010ሩ የጤና ሕግ ሥር የወጣው ደንብም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የሰውን ደህንነት ከሚያሰጋና ብቁ አስተርጓሚ ወዲያው ካልተገኘበት ድንገተኛ ሁኔታ በቀር ልጅን አስተርጓሚ እንዳያደርግ ይከለክላል። ለአማርኛ ተናጋሪ እናቶቻችንም ይኸው ደንብ ይሠራል፤ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላቸው።

ሁለት ሴሚስተር ስፓኒሽ የተማረውም ቢሆን ሰላምታውን ይስጥና ለምርመራው አስተርጓሚ ይጥራ። የሠለጠነ አስተርጓሚ መጣ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከመግባታቸው በፊት ተማሪው ሁለት ደቂቃ ወስዶ ዓላማውን ያስረዳው፤ በተለይም «የተዘበራረቀ ንግግር ከሰማህ ሳታስተካክል እንዳለ አስተላልፍልኝ» ይበለው። አስተርጓሚ ንግግር ካሳመረ የሐሳብ መዛባት ከፊታችን ይሰወራል፤ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ዓይኑን ታካሚዋ ላይ ያድርግ፤ «እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ጠይቃት» ሳይሆን «እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ይበል፤ ከአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በላይም አያስከትል። ሲወጡ አስተርጓሚውን «ንግግሯ እርስ በርሱ ይያያዛል ወይ?» ብሎ ይጠይቀው። ታካሚዋ ወሬው ወደ ሰፈር እንዳይደርስ ከፈራች በስልክ ማስተርጎም ይሻላል። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ በማዳመጥ ብቻ የተማረ የለም፤ ታካሚ ሆኖ ከሚጫወት ሰውና ከእውነተኛ አስተርጓሚ ጋር መለማመድ፣ ቪዲዮውንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

«ስለ ባህል ለመጠየቅ ጊዜ የለም።» እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የሕመም መለያ መመሪያ፣ ለዚሁ የተዘጋጁ 16 ጥያቄዎች አሉት። ጊዜ ከጠበበ ሦስቱ ይበቃሉ፦ ችግርዎን ለቤተሰብ ሲነግሩ ምን ይሉታል? ምን ያመጣው ይመስልዎታል? እስካሁን ምን ሞከሩ፣ ጸሎት፣ የባህል ሐኪም፣ ቅጠል፣ ከጎረቤት የተገኘ ኪኒን? ኪኒን ከተባለ ስሙና መጠኑ ይመዝገብ፤ አዲስ መድኃኒት የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።