በዚያም ሁን

የእኛ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል የሆነው የዘንድሮው ስግድ ካለፈ ቀናት ቢቆጠሩም፣ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ቄሶቻችን ኦሪቱን በጥላ አጅበው ወጥተው በግእዝ ሲያነቡ፣ ከፊቴ የቆመ አንድ ወጣት ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ንባቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀረጸ። በኋላ ምን እንደ ተነበበ ብጠይቀው፣ «ቤት ገብቼ አየዋለሁ» አለኝ። እርሱን ብቻ ልወቅስ አልችልም፤ በዚያው ሰዓት የእኔም ስልክ ሁለት ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነዝሮ፣ ሁለት ጊዜም እጄን ሰድጃለሁ። በሰንበት ስልካችንን የምንዘጋ ሰዎች፣ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በኋላ በሃምሳኛው ቀን በጾም ወደ ተራራ ስንወጣ ግን ይዘነው እንወጣለን።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 24 ቁጥር 12 እግዚአብሔር ሙሴን «ወደ እኔ ወደ ተራራው ውጣ፥ በዚያም ሁን» ይለዋል። ወደ ተራራው የወጣ ሰው በዚያ መሆኑ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ «በዚያም ሁን» ማለት ለምን አስፈለገ? ይህን ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዘመን በፖላንድ የነበሩት የኮትስክ ራቢ ምናሔም ሜንድል እንዳነሡት ይነገራል፤ መልሱም እግር ተራራ ላይ ቆሞ ልብ ሌላ ስፍራ ሊውል ይችላል የሚል ነው። ሊቃውንቱ ካቫና የሚሉት፣ ልብን ከአፍ ጋር የማዋል ነገር ይኸው ነው።

እኔ ግን አብልጬ የምወደው ከአራት ቁጥር በኋላ ያለውን ነው። ደመናው ተራራውን ስድስት ቀን ሸፈነው፤ እግዚአብሔርም ሙሴን የጠራው በሰባተኛው ቀን ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ድምፅ የለም፣ ጽላት የለም፣ ያለው ደመና ብቻ ነው፤ ሙሴ ግን በዚያ ነበረ። እኛ፣ ወገኖቼ፣ የአንድ ምዕራፍ ንባብ ሲረዝምብን ዐይናችን መውጫ ይፈልጋል። በጎንደር ሳሉ ወላጆቻችን ለስግድ ድንጋይ ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ይህም የመገዛትና የንስሐ ምልክት ነው። ሸክም ያለበት ሰው ደግሞ ሐሳቡን ወዲያና ወዲህ አይልክም፤ እርምጃውን ካልጠበቀ ይወድቃልና።

ግእዙም ዕብራይስጡም አይገባንም ብላችሁ የምታዝኑ እናቶች ግን አትዘኑ። ከዚያ ወጣት አጠገብ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አሮጊት፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ከንፈራቸው በጾም ደርቆ ቆመው ነበር። የልጅ ልጃቸው ወንበር አምጥታ «አያቴ፣ ተቀመጪ» ብትላቸው፣ ዐይናቸውን ከኦሪቱ ሳያነሡ «ቆይ ልጄ፣ ገና እየተነበበ ነው» አሏት።