ስለ ፋይበር ኦፕቲክ ገመድና የአካባቢ ጥበቃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዳማ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለአዲስ የፋይበር ኦፕቲክ መስመር ቁፋሮ ሲካሄድ ቆሜ ስመለከት፣ አንዱ «ውስጡ መዳብ አለ» ሲል ሌላው «መስታወት ስለሆነ አካባቢን አይጎዳም» ሲል ሰማሁ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

የመዳቡ ጉዳይ በአጭሩ የሚታረም ነው። በተለመደው ገመድ ውስጥ መረጃውን በብርሃን መልክ የሚያደርሰው ከሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) የተሠራ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት በመሆኑ፣ ቁራሌው የሚገዛው ነገር የለበትም። ገመዱን በዚህ ግምት የሚቆርጥ ሰው ምንም አያተርፍም፤ መንገዱ ግን ዳግመኛ ይቆፈራል፣ ሌላ ገመድ ይገባል፣ የጥገና መኪናም ይመላለሳል።

«እንደ ጠርሙስ ቀልጦ ዳግም ጥቅም ላይ ይውላል» የሚለው እምነት ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። በዚያው ስፍራ አንድ ባለሙያ የተረፈ ቁራጭ ገፎ አሳየን። ከጥቁሩ የፖሊኢትሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ልባስ ሥር፣ ገመዱ ሲጎተት እንዳይበጠስ የሚያደርግ አራሚድ የሚባል ቢጫ ክር፣ መሃል ላይ ጠንካራ ዘንግ፣ በዘንጉ ዙሪያ ደግሞ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ነበሩ፤ አንዱ ቱቦ ሲከፈት ጣት ላይ የሚጣበቅ ጄል ወጣ፣ በጄሉ ውስጥም ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም የተቀቡ ፋይበሮች ተኝተዋል። የአንዱ ፋይበር መስታወት ውፍረት 125 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ) ብቻ ስለሆነ፣ 1 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስታወት የሚመዝነው 27 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 24 ፋይበር የያዘ ገመድ በኪሎ ሜትር 650 ግራም ያህል መስታወት ሲኖረው፣ ጠቅላላ ክብደቱ በአሥር ቤት ኪሎ ግራም ይቆጠራል፤ ቀሪው በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። አሮጌ የመዳብ ገመድ በዋጋው ምክንያት ፈላጊ አያጣም። ይህኛው ግን በጄል የተለወሰውን ልዩ ልዩ ቁስ ለመለየት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ፈላጊ ማግኘት ይከብደዋል።

አንዳንድ አምራቾች ታዲያ በጄሉ ፈንታ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ደረቅ ክር ያስገባሉ፤ ፋይበሩ ከነሽፋኑ የነበረውን የ250 ማይክሮ ሜትር ውፍረትም ወደ 200 ዝቅ በማድረግ፣ እያንዳንዱ ፋይበር በገመዱ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ከሲሶ በላይ ቀንሰዋል፤ ገመዱ ሲቀጥን ልባሱም ይቀንሳል። እኔን የሚያሳምነኝ፣ አርጅቶ ከተጣለ በኋላ መልሶ ስለመጠቀም ከሚሰጠው ተስፋ ይልቅ፣ ከመነሻው ፕላስቲኩን የሚቀንሰው ይህ ጥረት ነው።

«ጥሬ ዕቃው አሸዋ ነው፣ ምርቱም ቀላል ነው» የሚሉም አሉ። መስታወቱ እጅግ ንጹሕ መሆን ስላለበት የሚሠራው በኬሚካል ትነት ሲሆን፣ ወደ ክርነት የሚሳበው በ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቀልጦ ነው። የተሳበውን ክር ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው ሂሊየምም ካመለጠ የማይተካ ጋዝ ነው፤ መልሰው ሰብስበው የሚጠቀሙበት ፋብሪካዎች የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራሉ።

ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አዲስ ገመድ መቀበር አለበት ማለትም ስህተት ነው። በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ያስተላልፍ የነበረ የቤት መስመር፣ በሁለቱ ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች ብቻ ተቀይረው 10 ጊጋቢት ማስተላለፍ ይችላል፤ ፋይበሩ ያው ነው።

«ፋይበር ኤሌክትሪክ አይጠቀምም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች የሚያከፋፍለው ዕቃ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የየቤቱ ሞደም ግን ሌት ተቀን በርቶ ያድራል። በአዳማ ዙሪያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ጣቢያዎች አሉ፤ የአገሪቱ ኃይልም በአብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ነው። ስለሆነም እዚህ፣ ከኃይሉ ፍጆታ ይልቅ የሚያሳስበው ፕላስቲኩና ቁፋሮው ነው። ለዚህ ያለው ቀላል መፍትሔ፣ መንገድ ለውሃ ወይም ለመብራት በተቆፈረ ጊዜ ባዶ ቱቦ አብሮ መቅበር ነው፤ ገመዱ በኋላ በአየር ግፊት ተገፍቶ ይገባበታል፣ አስፋልቱም ሁለተኛ አይነካም።