ኮንስታንት ከረንት ምንድን ነው? ሎዱ ሲነቀልስ ምን ያደርጋል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ራሱ የሠራውን ፓወር ሰፕላይ ይዞ ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው ጥገና ቤቴ መጣ። ኤልኢዲ ማብሪያ ነው፤ 350 ሚሊ አምፔር እንዲሰጥ የተሠራ። ሎድ (መውጫው ላይ ተገናኝቶ ከረንት የሚወስድ ነገር) መኖሩን የምትጠቁመው ቀይ መብራት ምንም ሳይገናኝም ትበራለች። በዚያ ላይ ሁለት ኤልኢዲ ተቃጥሎበታል። ከእኔ በፊት ያየለት ሰው መውጫው ላይ መልቲሜትር አድርጎ 24 ቮልት ሲያነብ፣ «ቮልቴጁ ሙሉ ነው፣ ሰፕላይህ ደህና ነው፤ ችግሩ የኤልኢዲዎቹ ነው» ብሎ ሸኝቶታል። ይህችን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ዛሬ ግን መልስ ልስጣት።

ኮንስታንት ከረንት ማለት ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ከረንቱን አንድ ልክ ላይ የሚያቆም ሰፕላይ ነው። እዚህ ላይ ሙሉ ቮልቴጅ የጤና ምልክት አይደለም። ከረንቱ መሄጃ አጥቷል፣ ወይም የታዘዘውን ያህል መሄድ አልቻለም ማለት ነው።

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ባጃጅ አስቡ። ለሹፌሩ የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፦ ፍጥነትህ 30 ይሁን፣ አይብለጥ፣ አይነስ። ዳገት ሲገጥመው ነዳጅ ይጨምራል፣ ሜዳ ሲያገኝ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ከረንት፣ ነዳጁ ቮልቴጅ ነው። አሁን ሹፌሩ ሳያውቅ ፍሪሲዮኑ ተይዞ ቀረ እንበል። ፍጥነቱ ዜሮ ነው። የታዘዘው ግን 30 ነውና ነዳጁን እስከ ጥጉ ይሰጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ ካለበት ንቅንቅ አይልም። መልቲሜትሩ ያነበበው 24 ቮልት ያ ጩኸት ነው። በዚህ መሃል ፍሪሲዮኑ ድንገት ቢለቀቅ ባጃጁ ተስፈንጥሮ ፊቱ ያገኘውን ይገጫል። ሁለቱ ኤልኢዲዎች የተገጩት እንዲህ ነው።

ሹፌሩ ኦፕ አምፑ (ከረንቱን ከታዘዘው ጋር እያወዳደረ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ቺፕ) ነው፤ እጁን ከነዳጁ እስኪመልስ ጊዜ ይወስድበታል። የሚሽከረከረው የሞተሩ ክብደት ደግሞ መውጫው ላይ የተቀመጠው፣ ኃይል አጠራቅሞ የሚይዘው ካፓሲተር ነው። ልጁ 1000 ማይክሮ ፋራድ አስሮበታል፤ በ24 ቮልት 0.29 ጁል ያህል ያጠራቅማል። 3 ቮልት ገደማ የሚበቃው ኤልኢዲ ሲነካው ያ ሁሉ ባንዴ ይወርድበታል። ካፓሲተሩ ከመቆጣጠሪያው ወዲያ ስለሆነ ከረንቱን የሚገታው የለም።

ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር ልጨምር። ለተራው አዳፕተር ዕረፍቱ ምንም አለመገናኘት ነው፤ ለኮንስታንት ከረንት ግን ዕረፍቱ ሾርት፣ ማለትም የፕላስና ማይነሱ በቀጥታ መገናኘት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አምፔር ሜትሩን በቀጥታ ፕላስና ማይነሱ ላይ አስሮ፣ ከዚያ ሰፕላዩን አብርቶ መለካት ትክክለኛ አሠራር ነው። ተራ የ12 ቮልት አዳፕተር ላይ ግን አታድርጉት፣ የሜትሩ ፊውዝ ሊሄድ ይችላል። ዕረፍት ነው ማለት ግን ሙቀት የለም ማለት አይደለም፤ እንደዚህ ልጅ ያለ ሰርኪት በሾርት ጊዜ 24 ቮልቱ በሙሉ ትራንዚስተሩ ላይ ስለሚያርፍ 8.4 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ከሌለው በእጃችሁ እንዳትነኩት።

ወደ ቀይዋ መብራት ልመለስ። ከረንቱ የሚነበበው በ0.1 ኦም ሬዚስተር ነው፤ ልጁ መብራቷን ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምራ እንድትበራ አድርጓል። 10 ሚሊ አምፔር በ0.1 ኦም ላይ 1 ሚሊ ቮልት ነው። የተጠቀመበት ኦፕ አምፕ፣ ኤልኤም 358፣ ግን የራሱ የመግቢያ ስህተት እስከ 7 ሚሊ ቮልት ሊደርስ ይችላል፣ ማለትም የሌለ 70 ሚሊ አምፔር «ሊያይ» ይችላል። መብራቷን የሚያዝዘውን ኮድ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ ብሎኛል፤ ኮዱ ምንም አልበደለም። ሬዚስተሩን ወደ 1 ኦም፣ ሪፈረንሱን (ኦፕ አምፑ የሚያወዳድርበትን የትእዛዝ ቮልቴጅ) ከ35 ወደ 350 ሚሊ ቮልት፣ የመብራቷን መነሻ ወደ 20 ሚሊ ቮልት አሳደግነው። ሬዚስተሩ የሚያባክነው 0.12 ዋት ነው፤ ለዚህ ጥቅም ርካሽ ዋጋ ነው።

«ታዲያ ከረንቱን ትተን ቮልቴጁን ብቻ ብናይስ? ጣሪያውን፣ 24 ቮልትን፣ ከነካ ሎድ የለም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ዘጠኝ ነጭ ኤልኢዲ በተከታታይ ብታስሩ 27 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ሰፕላዩ 24 ላይ ይቆማል፤ ሎድ ግን አለ። ሁለቱም አብረው መታየት አለባቸው። ቮልቴጁ ጣሪያ ነክቶ ከረንቱ ዜሮ ከሆነ ሎድ የለም። ቮልቴጁ ጣሪያ ነክቶ ከረንቱ ካለ ግን ከታዘዘው ካነሰ ሎዱ ከአቅም በላይ ነው። ቮልቴጁ ከጣሪያ በታች፣ ከረንቱም የታዘዘው ያህል ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ሾርትም ከዚህ ከመጨረሻው ይመደባል፤ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ መውረዱ ይለየዋል።

ካፓሲተሩንም በ1 ማይክሮ ፋራድ ቀየርነው። ካፓሲተር ሲቀየር ኦፕ አምፑ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ስለሚችል የቮልቴጅን መዋዠቅ በስክሪን በሚያሳየው ኦስሲሎስኮፕ አየነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ልጁ ኤልኢዲውን ሲነቅል ቀይዋ ጠፋች። ሰፕላዩን ሳያጠፋ፣ 24 ቮልቱ እንዳለ፣ መልሶ ሲሰካ በራች፤ ኤልኢዲውም አብሮ በራ።